አሜሪካ ለገባችሁ፦ ከመፈረም በፊት መነበብ ስላለበት ወረቀት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ ሰው ካለ፣ በሰፈሩ ልጅ በዲቪ በሄደ ቁጥር ስልክ ይዘው «እስቲ አንዴ አናግርልን» የሚሉ ወላጆች በሩን ያንኳኳሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ በደረሰ በጥቂት ወራት መኪና ገዝቷል፣ አሁን ደግሞ ያልጠበቀው ዕዳ መጥቶበታል፣ ታዲያ ምን ይሁን? ከተፈረመ በኋላ የሚሰጥ ምክር እምብዛም ስለማይጠቅም፣ ከመፈረሙ በፊት መታወቅ ያለበትን ጽፌዋለሁ። እኔ የኖርኩት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስለሆነ የግዛት ሕግ ስጠቅስ የእነዚህን ነው፤ የፌዴራል ያልኩት ግን የትም ብትሆኑ ይሠራል።

ትንሹን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። መደርደሪያ ላይ የምታዩት ዋጋ የሽያጭ ታክስን ስለማይጨምር ካሸሩ ጋ ስትደርሱ «አጭበረበሩኝ» ብላችሁ አትጣሉ። ከዋጋው ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ (የክብደት መለኪያዎች ናቸው) ሒሳብ ተመልከቱ፤ ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ሱፐርማርኬቱ በራሱ ስም የሚያወጣው ዱቄት፣ ዘይትና ወተት ከታዋቂው ስም አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ ያንሳል፤ ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ። በምግብ ላይ የሚታተመው «ቤስት ባይ» (እስከዚህ ቀን ቢበላ ይሻላል) የሚለው ቀን ከሕፃናት የዱቄት ወተት በቀር ስለ ጥራት እንጂ ስለ ጤና የሚናገር አይደለም፤ ስለዚህ ቀኑ ትናንት አለፈ ብላችሁ ደህና ሩዝ አትጣሉ። ደረሰኝ ግን አትጣሉ፤ ያለ ደረሰኝ ዕቃ መመለስ የሱቁ ፈቃድ ነው።

ከዚያ የባንክ ካርድ ይመጣል። ክሬዲት (ብድር) ለማግኘት አስቀድሞ ክሬዲት (ብድር የመክፈል ታሪክ) ይኑርህ የሚል አሠራር ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቀው፤ ብቻ መውጫው ጥቂት መቶ ዶላር በባንክ አስይዞ የሚሰጥ ካርድ ማውጣት፣ በየወሩ ትንሽ ነገር መግዛትና ሙሉውን በጊዜው መክፈል ነው። ይህ አበዳሪዎች ለሚያዩት የክሬዲት ነጥብ ብቻ ሳይሆን ለጥበቃም ይጠቅማል። የክሬዲት ካርዳችሁ ተሰርቆ ቢገዛበት በፌዴራል ሕግ የሚደርስባችሁ ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ በየወሩ በሚላክላችሁ የሒሳብ መግለጫ ላይ የተሳሳተ ሒሳብ ካያችሁም መግለጫው በተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። ከራሳችሁ ሒሳብ በቀጥታ በሚቆርጠው በዴቢት ካርድ ግን 50 ዶላር የሚሆነው ስርቆቱን ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ ነው፤ ከዘገያችሁ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወሰደው ደግሞ ገደቡም ሊነሳ ይችላል። የደመወዝ ሒሳባችሁ ያለበትን ካርድ በየነዳጅ ማደያው የምትሰኩ ሰዎች ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ከዚህ ከከተማው ዳር የሄደ ሰው ጉልት ላይ ለአንድ መደብ ሽንኩርት ምራቂ ሳያስጨምር አይነሳም፤ ያው ሰው ዲለር (የመኪና ነጋዴ) ቢሮ ገብቶ ቡና ሲቀርብለት ይሉኝታ ይይዘውና ክምር ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት መስኮቱ ላይ የገዢ መመሪያ የሚባል ወረቀት የመለጠፍ ግዴታ አለበት። እዚያ ላይ «አዝ ኢዝ» (ያለ ዋስትና እንዳለ ይሸጣል) የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት መኪናው ከግቢው እንደወጣ ሞተሩ ቢቃጠል ጥገናው የእናንተ ነው፤ ሻጩ «እኔ አለሁልህ» ቢልም ወረቀቱን አይሽረውም። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው ወሬም ከንቱ ነው፤ ያ የፌዴራል ደንብ የሚሠራው ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ወይም በጊዜያዊ ቦታ ለሚሸጥላችሁ ሰው እንጂ በራሱ ግቢ ለሚሸጥ ዲለር አይደለም።

ሻጩ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ሲላችሁ አትመልሱለት። ስለ ጠቅላላው ዋጋ፣ ስለ ወለዱና ስለ ወራቱ ብዛት ብቻ ተነጋገሩ፤ 15,000 ዶላር በ72 ወር ሲከፈል ወለዱ 8 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው ወደ 18,900 ዶላር ይመጣል፣ 18 በመቶ ከሆነ ግን 24,600 ዶላር ያልፋል። ዲለሩ ብድሩን የሚሰጠው ባንክ ባቀረበው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ ሊያቀርብላችሁ እንደሚችልም እወቁ።

እኔን የያዘኝ ወጥመድ ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዲለር ጋ ቅዳሜ ማታ ሊዘጋ ሲል ፈረምኩ፤ ፋይናንሱ (የመኪናው ብድር) ጸደቀ ተባልኩ፤ አሮጌ መኪናዬን በልዋጭ ተቀበሉኝ፤ ቁልፍ ሰጥተው እንኳን ደስ አለህ ብለው ሸኙኝ። ጥቂት ቀናት ነድቼ ቤተ ዘመድ ካሳየሁ በኋላ ስልክ ተደወለ፦ «ባንኩ አልተቀበለውም፣ መጥተህ አዲስ ውል ፈርም»። አዲሱ ውል ወለዱ የጨመረ፣ ቅድመ ክፍያውም ከፍ ያለ ነበር፤ በጎኑም ያልጠየቅሁት የጥገና ዋስትና ውል ተለጥፎበታል። አሮጌ መኪናዬን ስጡኝና ልሂድ ስል «ተሸጧል» አሉኝ፤ ያለ መኪና ሥራ መግባት አይቻልምና ፈረምኩ። ጨዋታው የተሠራው በዚህ ላይ ነው፦ መኪናውን ለሰፈሩ ካሳያችሁ በኋላ መመለስ እንደሚከብዳችሁ ያውቃሉ።

የሚያናድደው መልሱ በእጄ በነበረው ወረቀት ላይ ተጽፎ መኖሩ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የዲለሩ የግዢ ማዘዣ ላይ በጉልህ ፊደል መስፈር ያለበት ማሳሰቢያ አለ፤ ፋይናንሱን የሚይዘው ባንክ ውሉን ካላጸደቀው ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ፣ መኪናውን ከተነገራችሁ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ትመልሳላችሁ፣ ዲለሩም ቅድመ ክፍያችሁንና በልዋጭ የሰጣችሁትን መኪና ይመልሳል ይላል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ ዲለር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) ገብታችሁ የብድር ማረጋገጫ ይዛችሁ ውጡ፤ የመጨረሻው ማጽደቂያ በጽሑፍ ሳይመጣ ቁልፍ አትቀበሉ፣ አሮጌውንም መኪና አታስረክቡ፤ «አልጸደቀም» ብለው ከደወሉ ደግሞ ባንኩ የከለከለበትን ደብዳቤ ጠይቁ፤ ብድር የከለከለ አበዳሪ በፌዴራል ሕግ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበትና። ደብዳቤው የለም ካሉ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ነው፤ እስከ 5,000 ዶላር ለሚሆን ክርክር በሁለቱም ግዛቶች ያለ ጠበቃ የሚገባበት የአነስተኛ ጉዳዮች ችሎት አለ። ፎርሙ ያሰለቻል፣ ቀጠሮውም ይረዝማል፤ ቢሆንም ሙሉት።

ቤት ስትከራዩ ገና ዕቃ ሳታስገቡ ግድግዳውን፣ ምድጃውንና ምንጣፉን ፎቶ አንሱ። በሁለቱም ግዛቶች አከራዩ ማስያዣውን ከለቀቃችሁ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም የቀነሰበትን ምክንያት ዘርዝሮ መስጠት አለበት፤ ፎቶ ከሌላችሁ ግን የቀድሞው ተከራይ ያቃጠለው ምንጣፍ በእናንተ ሒሳብ ይታሰባል። ታክስ ወይም ኢሚግሬሽን ነኝ ብሎ ደውሎ በጊፍት ካርድ (ሱቅ በሚሸጠው የስጦታ ካርድ) ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው፤ የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጊፍት ካርድ አያስከፍልም።

ወደ ቤተሰብ ገንዘብ ስትልኩም ሸማች ናችሁ። ክፍያውን «ነፃ» ብሎ በምንዛሪው የሚቆርጥ ድርጅት ስላለ ድርጅቶችን የምታወዳድሩት ተቀባዩ እጅ ላይ በሚደርሰው ብር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በድርጅቶች መካከል ያለው ልዩነት ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ባለፈው ወር የተሻለው ዛሬም ይሻላል ብላችሁ አትገምቱ። ሕጋዊው ድርጅት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና የሚደርሰውን መጠን ከመክፈላችሁ በፊት ሊያሳያችሁ ይገባል፤ ከከፈላችሁ በኋላም ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ የፌዴራል ታክስ ስለተጣለ ከባንክ ሒሳባችሁ ወይም አሜሪካ ውስጥ በወጣ ዴቢት ካርድ ላኩ። በደላላ መላክ የሚሻለው ብሩ እስኪጠፋ ድረስ ነው፤ ከጠፋ በምን ደረሰኝ ትከሳላችሁ? የተቀባዩን ስም ደግሞ እናንተ እንደምትጠሩት ሳይሆን መታወቂያው ላይ እንዳለ ከነአባትና ከነአያት ጻፉ፤ አንድ ፊደል ቢለያይ እናታችሁ ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ባንክ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ስሙንም ማስተካከል የምትችሉት ከዚያ ሆናችሁ እናንተ ናችሁ።