የመርከቧን መልክ የሚያበላሹ የገመድ ስህተቶች

ደሴ ባሕር የላትም። ግን ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ ከሰፈራችን ሹፌሮች አፍ ስለማይጠፋ፣ እኔም የወደብና የመርከብ ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን ትናንሽ የሸራ መርከቦችን ከእንጨት እሠራለሁ። እንጨቱን ብዙ ሰው ያሳምረዋል። ነገር የሚበላሸው ገመዱ ላይ ሲደረስ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ወፍራም ክር መጠቀም ነው። ሱቅ ያገኘነውን ሲባጎ ምሰሶው ላይ ስናስር መርከቧ ወዲያው መጫወቻ ትመስላለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የድሮ መርከበኞች ገመድን የሚለኩት በዙሪያው እንጂ ከዳር እስከ ዳር ባለው ውፍረቱ አልነበረም። ስለዚህ ፕላኑ ላይ «30 ሴንቲ ሜትር ገመድ» የሚል ካያችሁ ውፍረቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። 64 ጊዜ ባነሰ ሞዴል ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዙሪያውን እንደ ውፍረት የወሰደ ሰው ግን 4.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ያስራል፤ እሱ ደግሞ ሸራ ከሚሰቀልባቸው አግድም እንጨቶች ከአንዳንዱ ራሱ ይወፍራል። ክራችሁ ስንት እንደሆነ ካላወቃችሁ አብሽሩ፣ ካሊብሮ የሚባለው የውፍረት መለኪያ አያስፈልግም። እርሳስ ላይ 20 ጊዜ አጠጋግታችሁ ጠቅልሉትና በማስመሪያ ለኩት። 1 ሴንቲ ሜትር ከያዘ የአንዱ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው።

ሌላው ክሩን ከሱቅ እንደመጣ ማሰር ነው። የጥጥ ክር ጸጉር አለው። ከእጃችን ላይ አይታየንም፣ መስኮት አጠገብ ስናስቀምጠው ግን ገመዱ ሁሉ አባጨጓሬ ይመስላል። መፍትሔው ሰም ነው። ማር ከሚሸጡ ሰዎች ሰፈፍ ለምኑ፣ አቅልጣችሁ በነጠላ አጥልሉትና ሲረጋ ክሩን ሁለት ጊዜ ላዩ ላይ ጎትቱት። ከዚያ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ አሹት፤ የጣታችሁ ሙቀት ሰሙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ብዙ ከቀባችሁት ግን አቧራ ይሰበስባል።

ገመድ ራሳችን ስናከር ደግሞ አቅጣጫውን እንስተዋለን። ሦስቱን ክሮች ለየብቻ ወደ አንድ ጎን አጥብቃችሁ አክሩ፣ አንድ ላይ ስታደርጓቸው ግን ወደ ተቃራኒው። ሁለቱንም ጊዜ ወደ አንድ ጎን ካከረራችሁ ስትለቁት ተፈትቶ ያልቃል። እንዝርት ይዞ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ እናቶችን ጠይቁ።

ሱፐር ግሉን ከክር አርቁት። ክሩን እንደ ሽቦ ያደርቀዋል፣ ነጭ ምልክት ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከል የለም። ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ቋጠሮው ላይ ብታሳርፉ ይበቃል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ምሰሶውን ይዘው የሚቆሙት ገመዶች ዝናብና ጨው እንዳይበላቸው ሬንጅ ስለሚቀቡ ጥቁር ናቸው። ሸራ የሚጎትቱት የገለባ ቀለም አላቸው። ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጉ። ዘመኑንም እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1869 የተሠራችው የብሪታንያ የንግድ ሸራ መርከብ ከቲ ሳርክ ምሰሶዋን የያዘላት የብረት ሽቦ ነው።

የመጀመሪያ መርከቤን ስሠራ አግድሞቹን እንጨቶች ምሰሶው ላይ ሰቅዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ገመድ የሚያልፍባቸውን ፑሌጃዎች ማሰር የጀመርኩት። ወረንጦዬ በገመዶቹ መካከል አልገባ አለ። በሦስተኛው ምሽት አንዱን እንጨት ሰበርኩት። ፑሌጃዎቹን እንጨቱ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ እሰሩ፣ ከዚያ ስቀሉት። ለፑሌጃ ወይራ የሚያክል የለም። ጠንካራ ነው፣ ቀጭን ቀዳዳ ስትበሱትም አይሰነጠቅም። ገመዱ የሚወጠርባቸው ባለ ሦስት ቀዳዳ ክብ እንጨቶች ደግሞ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት በሁሉም ጥንድ እኩል መሆን አለበት። በዓይን ግምት አይሆንም። ከመዳብ ሽቦ አንድ መለኪያ አጥፋችሁ ሁሉንም ጥንድ በእሱ ያዙ።

ውጥረቱም ሰው ያሳስታል። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ምሰሶውን ያጣምመዋል። አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ እያላችሁ ሂዱ። እኔ የደሴው ተራራ ጦሳ ጉም በለበሰበት ሰሞን የወጠርኩት ገመድ ኮምቦልቻ ወስጄው በሙቀቱ ረገበ። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል። ስለዚህ ትንሽ አላልታችሁ እሰሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ወጥሩ፣ ኮላ የሚነካው ያኔ ነው።

የመጨረሻው መርከበኞቹ ምሰሶው ላይ የሚወጡበት የገመድ መሰላል ነው። እርከኖቹ መካከል 38 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ፣ 64 ጊዜ ባነሰ ሞዴል ላይ 6 ሚሊ ሜትር። ካርቶን ላይ መስመር አስምራችሁ ከኋላ አቁሙት። ቋጠሮውን አጥብቀን ስንስብ ቋሚዎቹ ገመዶች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ መሰላሉ መሃሉ ላይ ወገብ ያወጣል። ይህን ስሠራ በየአምስት እርከኑ ወደ ኋላ ሸሽቼ ከፊት ለፊት አየዋለሁ። ከጎበጠ ያንኑ እፈታለሁ። ትርፍ ጫፎቹንም የምቆርጠው ኮላው አድሮ ሲደርቅ፣ በአዲስ ምላጭ ነው።