ለሥራ አዲስ አበባ ሲመጡ ቀላል ሩጫን ላለማቋረጥ

ከድሬዳዋ ወይም ከዱባይ ለሥራ የሚመጣን ሯጭ መጀመሪያ የሚያደናግረው የእጅ ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ። ስለዚህ በ6 ደቂቃ የለመዱት ኪሎ ሜትር እዚህ 7 ቢፈጅ ቅር አይበልዎ። መለኪያው ወሬ ነው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል፤ ትንፋሽዎ እስኪመለስ ይራመዱ።

የገቡ ዕለት አይሩጡ። በማግስቱ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ 30 ይበቃል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ ግን ያን ቀን ይለፉት። እንጦጦንም ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም ዳገት፤ ለአዲስ ገቢ ቀላል ሩጫ አይገኝበትም። ለጥ ያለ ሜዳ ከፈለጉ ጃን ሜዳ አለ። አፈርና ሣሩ ከአስፋልት ይልቅ ለቅልጥም ይመቻል፤ ጉድጓድ ስለማይጠፋ እያዩ ይርገጡ።

ጥሩው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ዘግይተው ከወጡ ታክሲውና ጭሱ ይበዛል፤ በጨለማ ከወጡ ደግሞ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድና የመንገድ ውሻ አለ። ውሻ ከመጣብዎ ሩጫውን ያቁሙ፣ ጀርባ ሳይሰጡ በቀስታ ይራቁ፤ የሚሮጥን ነው የሚያሳድደው።

በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ያዋጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ንጋቱ ይቆረጥማል፣ እጀ ረጅም ሹራብ ይያዙ። መሮጫ ጫማዎ ከእጅ ሻንጣዎ አይለይ፤ ሌላው ዕቃ ቢዘገይ እንኳ ይተካል።