የዩኤስቢ ቺፕ ከማይክሮኮንትሮለር ጋር ሲገናኝ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቦርዱ ተሠርቷል። ብየዳው ንጹህ ነው። ገመዱ ሲሰካ ግን ኮምፒውተሩ «መሣሪያው አልታወቀም» ይላል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቺፑን ነው፣ ቀጥሎ ድራይቨሩን። ቺፑ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል፤ አዲሱም ያንኑ ይደግማል። እኔ ቺፑን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ገመዱ ከተሰካ በኋላ ባለችው የመጀመሪያዋ ሰከንድ ውስጥ ነው።

በዚያች ሰከንድ ኮምፒውተሩ መሣሪያ መኖሩን ያያል፣ ሪሴት ያደርገዋል፣ ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ዝርዝሩን አንብቦ ሥራ ያስጀምረዋል። ይህ ሂደት ኢኑሜሬሽን ይባላል። የጊዜ ገደብ አለው፣ ቅደም ተከተል አለው፣ ይቅርታም ብዙ አያውቅም።

የያዙትን ቺፕ ዓይነት ሳይለዩ መጀመር

ገበያ ላይ ያሉት ሁለት ወገን ናቸው። ኤፍቲ232አር፣ ሲኤች340 እና ሲፒ2102 ከኮምፒውተሩ ጋር ያለውን ንግግር በሙሉ ራሳቸው ይጨርሱታል። ማይክሮኮንትሮለሩ (ኮዳችሁ የሚሠራበት ትንሽ ኮምፒውተር) የሚያየው ተራ ሲሪያል መስመር ብቻ ነው። ፊሊፕስ ያወጣው ፒዲአይዩኤስቢዲ12 (ከዚህ በኋላ ዲ12 እለዋለሁ) እና የማክሲሙ ማክስ3421ኢ ግን ሌላ ናቸው። የመጀመሪያው በ8 ቢት ትይዩ መስመር፣ ሁለተኛው በኤስፒአይ (ቢቶች ተራ በተራ በሚያልፉበት መስመር) ይገናኛል። ሁለቱም ፓኬቱን (የመጣውን የዳታ ጥቅል) ተቀብለው ይፈትሻሉ፣ ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ኢንተራፕት (ማይክሮኮንትሮለሩ ሥራውን አቋርጦ እንዲመጣ የሚጠራ ምልክት) ያነሳሉ። «አንተ ማነህ?» ለሚለው የኮምፒውተሩ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን የእናንተ ኮድ ነው።

የሁለተኛውን ወገን ቺፕ ገዝተው «ሰክቼው ምንም አልታየም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኮድ ካልተጻፈለት ምንም አይታይም። የሙቀት መጠን እያነበበ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ መሣሪያ ከሆነ የምትሠሩት፣ የመጀመሪያውን ወገን ውሰዱና ተገላገሉ። ኪቦርድ፣ ጆይስቲክ ወይም የራሱ ባህርይ ያለው መሣሪያ ከሆነ ነው የሁለተኛው ልፋት ዋጋ የሚያወጣው።

ዝግጁ ሳይሆኑ «አለሁ» ማለት

ኮምፒውተሩ መሣሪያ መሰካቱን የሚያውቀው በአንድ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ሁለቱ የዳታ መስመሮች፣ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ፣ በ15 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ወደ ግራውንድ ተስበዋል። መሣሪያው ዲ ፕላስን ወደ 3.3 ቮልት ካነሳ ፉል ስፒድ፣ ማለትም በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው። ዲ ማይነስን ካነሳ ሎው ስፒድ፣ ማለትም 1.5 ሜጋቢት ነው። ሬዚስተሩን በተሳሳተው መስመር ላይ ማሰር ወይም ወደ 5 ቮልት መጎተት የተለመደ ነው። ይሄ ቶሎ ይገኛል።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ሬዚስተሩ በቋሚነት ከተበየደ፣ ገመዱ እንደተሰካ መስመሩ ይነሳል። ማይክሮኮንትሮለሩ ግን ገና ስክሪን እያጸዳ፣ ሴንሰር እያስተካከለ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ መላሽ የለም፣ ደጋግሞ ሞክሮ ይተወዋል። ለዚህ ነው ዲ12 ላይ ሬዚስተሩ ቺፑ ውስጥ ገብቶ በትዕዛዝ ብቻ እንዲገናኝ የተደረገው። ሶፍትኮኔክት ይሉታል። ማክስ3421ኢም ተመሳሳይ ነገር አለው። ስለዚህ ኮዳችሁ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይጨርስ፣ ኢንተራፕቱን ይክፈት፣ ከዚያ በመጨረሻ መስመሩን ያንሳ።

የዚህ ስህተት ሌላ መልክ ኮድ በሚቀየርበት ጊዜ ይመጣል። ማይክሮኮንትሮለሩ አዲስ ኮድ ተጭኖለት እንደ አዲስ ሲነሳ ዩኤስቢ መስመሩ አልወረደም። ኮምፒውተሩ አሁንም በድሮው አድራሻ ይጠራዋል፣ መሣሪያው ግን አድራሻውን ረስቷል። ሲነሳ መጀመሪያ መስመሩን ልቀቁ፣ ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ጠብቁ፣ ከዚያ አንሱት።

ክሪስታልና የኃይል ፒኖች

ዲ12 የ6 ሜጋኸርዝ ክሪስታል (ለቺፑ የሰዓት ምት የሚሰጥ ክፍል) ይፈልጋል፣ ማክስ3421ኢ እና ሲኤች340ጂ የ12። ፉል ስፒድ የሚፈቅደው ስህተት 0.25 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ካለው ተራ ኦስሌተር ሰዓት ሰጥቶ ማምለጥ አይቻልም። ሲኤች340ጂ በ5 ቮልት ሲሠራ ቪ3 የሚባለው ፒን በካፓሲተር ወደ ግራውንድ ይሄዳል፤ በ3.3 ቮልት ሲሠራ ደግሞ ከኃይል ፒኑ ጋር ይያያዛል። ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ነው።

ክሪስታል ለመቆጠብ ማይክሮኮንትሮለሩን ከዲ12 የሰዓት መውጫ ለሚያሠሩ አንድ ማሳሰቢያ። ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ሲያስተኛ ያ መውጫ በነባሪ ወደ 30 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይወርዳል። ኮዱ ያልተበላሸ፣ ግን በድንገት የተንቀራፈፈ ማይክሮኮንትሮለር ታገኛላችሁ። ይህን የሚከለክል ቢት አለ፤ ከሞድ ትዕዛዙ ጋር አብሮ ይላካል።

ሴትአፕ ፓኬት ላይ መዘናጋት

ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚጀምረው 8 ባይት ባለው ሴትአፕ ፓኬት ነው። ዲ12 ይህን ሲቀበል ሁለት ትዕዛዞችን ይቆልፋል። አንዱ የተነበበውን ባፈር የሚያጸዳው ነው። ሌላው የተጻፈውን ባፈር ለመላክ የሚያጸድቀው። ቁልፉ የሚከፈተው «ሴትአፑን አይቻለሁ» የሚለው ትዕዛዝ ሲላክ ነው፤ እሱም ለመቆጣጠሪያው ኢንድፖይንት (ዳታ የሚያልፍበት የቺፑ በር) መግቢያም መውጫም መላክ አለበት። ለአንዱ ብቻ ከተላከ ግማሹ እንደተቆለፈ ይቀራል። ኮዱ መልሱን ጽፌያለሁ ብሎ ያምናል፣ ቺፑ አልላከም፣ ኮምፒውተሩ ይጠብቃል። ውጤቱ ጸጥታ ነው፤ ምንም የስህተት ምልክት የለም።

ቀጥሎ ኢንተራፕቱ። ዲ12 የሚያነሳው ምልክት የሚጠፋው የዚያ ኢንድፖይንት የመጨረሻ ሁኔታ ሲነበብ ነው። ዲ12 ምልክቱን የሚሰጠው ፒኑን ወደ ታች በማውረድ ስለሆነ፣ ሳታነቡት ከወጣችሁ ፒኑ እንደወረደ ይቆያል። ማይክሮኮንትሮለራችሁ ደግሞ የሚጠብቀው የፒኑን መውደቅ ብቻ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አይሰማም። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲመጡና አንዱ ብቻ ሲስተናገድም ያው ነው። ከኢንተራፕቱ ከመውጣታችሁ በፊት የኢንተራፕት ሬጂስተሩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ዙሩ።

ከዚያ መዘግየት። የዩኤስቢ 2.0 ደንብ ዳታ የሌለው ጥያቄ በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እንዲያልቅ ያዛል። አሁን አንድ ሰው ችግሩን ለማግኘት ብሎ በኢንተራፕቱ ውስጥ በ9600 ቦድ (በሰከንድ 9600 ቢት) መልእክት ያትማል እንበል። አንድ ፊደል 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። 50 ፊደል ያለው መልእክት ገደቡን ብቻውን ጨረሰው። ችግሩን ለመፈለግ የገባው ኮድ ራሱ ችግር ሆነ ማለት ነው፤ መልእክቱን ሲያጠፉት መሣሪያው ይሠራል፣ ሲመልሱት ይቆማል። በኢንተራፕት ውስጥ አታትሙ። አንድ ባይት ኮድ ወደ ትንሽ ድርድር (አሬይ) ጻፉና በኋላ በዋናው ሉፕ አውጡት።

አድራሻውን በተሳሳተ ሰዓት መቀየር

ኮምፒውተሩ «አድራሻህ 5 ነው» ሲል፣ መሣሪያው እሺ የሚለው በድሮው አድራሻ በዜሮ ሆኖ ነው። ወደ 5 የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከቀየረ እሺታው አይደርስም። በሊኑክስ ላይ «መሣሪያው አድራሻውን አይቀበልም» የሚለው መልእክት ሲመጣ አንዱ ተጠርጣሪ ይሄ ነው። ማክስ3421ኢ ይህን ያለ እናንተ እርዳታ ይሠራል። ዲ12 ላይ ግን አድራሻውና ማንቂያው በአንድ ባይት ነው የሚላኩት፤ ከፍተኛው ቢት 1 ካልሆነ አድራሻው ትክክል ቢሆንም ቺፑ ዝም ይላል። በቀላሉ፣ አድራሻው ላይ 128 ደምሩ።

ዲስክሪፕተሩን በግምት መሙላት

ዲስክሪፕተር መሣሪያው ስለራሱ የሚሰጠው ዝርዝር ነው። የመሣሪያው 18 ባይት፣ የኮንፊገሬሽኑ 9፣ የኢንተርፌሱ 9፣ የእያንዳንዱ ኢንድፖይንት 7 ባይት ነው። የኮንፊገሬሽኑ ጠቅላላ ርዝመት የሁሉም ድምር ነው፣ የራሱ 9 ብቻ አይደለም። ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድቶ አንድ ኢንድፖይንት ሲጨመርበት ድምሩ ሳይስተካከል ይቀራል። ድምሩን ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲያሰላው አድርጉ። ባለሁለት ባይት ቁጥሮች ላይ ትንሹ ባይት ይቀድማል።

የፍጆታ ቁጥሩም ሰዎችን ያሳስታል፤ የሚቆጠረው በ2 ሚሊ አምፔር ነው። 100 ብላችሁ ከጻፋችሁ የጠየቃችሁት 200 ሚሊ አምፔር ነው።

አሁን ደግሞ የምወደው ወጥመድ። አንድ ኢንተርፌስ እና ሁለት ኢንድፖይንት ያለው ቀላል መሣሪያ ጠቅላላ ርዝመቱ 9፣ 9፣ 7 እና 7 ሲደመር 32 ባይት ነው። የዲ12 መቆጣጠሪያ ኢንድፖይንት በአንድ ፓኬት የሚልከው 16 ባይት ነው። ኮምፒውተሩ 255 ባይት ቢጠይቅ ሁለት ሙሉ ፓኬት ይደርሰዋል። ሁለቱም ሙሉ ስለሆኑ ማለቁን አያውቅም፣ ሦስተኛውን ይጠብቃል። መፍትሔው ባዶ፣ ዜሮ ባይት ያለው ፓኬት መላክ ነው። አጠር ያለ ፓኬት «ጨርሻለሁ» ማለት ነውና። በትክክል 32 ቢጠይቅ ግን ባዶው አያስፈልግም። ይህ ስህተት አንዱ ኮምፒውተር ላይ ታይቶ ሌላው ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ስለ መሣሪያው የያዘውን መረጃ በአምራች ቁጥር፣ በምርት ቁጥርና በቨርዥን ቁጥር ያስታውሳል። ዲስክሪፕተሩን አስተካክላችሁ ምንም ካልተለወጠ የቨርዥን ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርጉና እንደገና ሰኩት።

ከኮምፒውተሩ ኃይልን እንደፈለጉ መውሰድ

ኮንፊገሬሽን እስኪሰጠው ድረስ መሣሪያው ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ መሳብ አይችልም። ከዚያ በኋላ የሚፈቀደው ጣሪያ 500 ነው። የ5 ቮልቱ መስመር ላይ በቀጥታ የሚታይ ካፓሲተር ከ10 ማይክሮፋራድ መብለጥ የለበትም። መስመሩ ለ3 ሚሊ ሰከንድ ጸጥ ካለ መሣሪያው መተኛት አለበት፤ ሲተኛ የሚፈቀድለት 2.5 ሚሊ አምፔር ነው። ሁልጊዜ የሚበራ ኤልኢዲ ብቻውን ይህን ሊጨርሰው ይችላል።

የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው መሣሪያ ሌላ ጣጣ አለው። ገመዱ ላይ 5 ቮልት ሳይኖር ዲ ፕላስን ካነሳ ወደ ጠፋው ኮምፒውተር ኃይል ይገፋል። የገመዱን 5 ቮልት በሬዚስተር አካፍላችሁ በአንድ ፒን አንብቡ፣ ሲኖር ብቻ መስመሩን አንሱ።

ሲሪያሉን እንደ ቧንቧ ማየት

የሲሪያል ቺፕ የመረጡም ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። ኤፍቲ232አር ትንሽ ዳታ ሲደርሰው ፓኬቱ እስኪሞላ እስከ 16 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። አንድ ባይት ጠይቆ አንድ ባይት የሚመልስ ፕሮግራም በዚህ ምክንያት ይንቀራፈፋል። ቁጥሩን ድራይቨሩ ላይ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ዳታውን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ መላክ ነው። ሌላው የቦድ ልክ ነው። በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ኤቪአር የተባለ ማይክሮኮንትሮለር 115200ን በተለመደው ሞድ ሲያወጣ 3.5 በመቶ ይስታል፤ አልፎ አልፎ የሚበላሽ ፊደል ከዚህ ሊመጣ ይችላል። 250000 ግን ያለ ስህተት ይወጣል።

የሌላ ድርጅት የአምራች ቁጥር መዋስም ይቅር፤ ኮምፒውተሩ የዚያን ድርጅት ድራይቨር ይጭንባችኋል። አስመስለው የተሠሩ ቺፖችም አሉ። በ2014 የኤፍቲ232አር ሠሪ ኤፍቲዲአይ ያወጣው ድራይቨር የእሱን ቺፕ የኮረጁትን እያገኘ የምርት ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ቀይሮ ነበር። መሣሪያው ትናንት ሠርቶ ዛሬ ድራይቨር አጣ።

በጭፍን መፈለግ

መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ገመዶች በየመሳቢያው ሞልተዋል።

ከዚያ ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የከርነሉን መልእክት አንብቡ፤ ከዊንዶውስ የበለጠ ይናገራል። ስህተት 110 ከሆነ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አልቋል፣ ኮዳችሁን እዩ። ስህተት 71 ከሆነ መልሱ ተበላሽቷል ወይም ቺፑ ጨርሶ ዝም ብሏል፣ መጀመሪያ ክሪስታሉንና ሽቦውን እዩ። ዋየርሻርክ የተባለው ፕሮግራምም የዩኤስቢ ንግግሩን ጥያቄ በጥያቄ ያሳያል፣ ግን ኮምፒውተሩ የተቀበለውን ብቻ ነው። ገመዱ ላይ በእውነት ያለፈውን ለማየት ሎጂክ አናላይዘር (የሽቦውን ምልክት የሚመዘግብ መሣሪያ) ያስፈልጋል። በሰከንድ 24 ሚሊዮን ናሙና የሚወስዱት ርካሾቹ ለፉል ስፒድ ለአንድ ቢት ሁለት ናሙና ብቻ ስለሚደርሳቸው የሚያሳዩትን አትመኑ፤ ቢያንስ 48 ሚሊዮን የሚወስድ ፈልጉ።