ሄርፒስ በየሴሉ ለምን ይለያያል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሄርፒስን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚሸመድደው የጂኖቹን ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አዛዦቹ ጂኖች፣ ቀጥሎ ዲኤንኤ የሚያባዙት፣ በመጨረሻ የቫይረሱን አካል የሚሠሩት። ይሄ ልክ ነው። ትልቁ ስህተት ግን ቅደም ተከተሉ በየትኛውም ሴል ውስጥ እንዲሁ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ነው።

የከንፈር ቁስል የሚያመጣውን ዓይነት 1 እንይ። ቫይረሱ ሲገባ ቪፒ16 የተባለ ፕሮቲን ይዞ ነው። ይህ ፕሮቲን ብቻውን አይበቃም። 5ቱን አዛዥ ጂኖች የሚያስነሳው ኤችሲኤፍ-1 እና ኦክት-1 ከሚባሉት የሴሉ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣመር ነው። ቆዳ ሴል ውስጥ ሁሉም በቦታው አለ። ስሜት በሚያደርስ ነርቭ ሴል ግን ቫይረሱ የሚገባው በነርቩ ጫፍ ነው፤ ኒውክሊየሱ ደግሞ ሩቅ ነው። ቪፒ16 እዚያ በበቂ መጠን አይደርስም። ኤችሲኤፍ-1ም እዚህ ሴል ውስጥ በአብዛኛው ከኒውክሊየሱ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ቫይረሱ ይደበቃል።

ተደበቀ ሲባል ግን ጭራሽ ዝም አለ ማለት አይደለም። ላት የሚባል የቫይረሱ አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚቀዳ ቅጂ) በነርቭ ሴሉ ውስጥ በብዛት ይመረታል። ከዚያው አካባቢ የሚወጡ ጥቃቅን አርኤንኤዎችም አሉ፤ አንዱ አይሲፒ0 የተባለውን የራሱን የቫይረሱን አዛዥ ጂን ያፍናል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ቫይረሱ ራሱን ለማፈን ይሠራል።

የቫይረሱን ዲኤንኤ እንደ እርቃን ክር ማየትም ያሳስታል። በቫይረሱ ቅንጣት ውስጥ እያለ ሂስቶን (ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ፕሮቲን) የለውም፤ ኒውክሊየስ ሲገባ ግን ሴሉ ቶሎ ይጠቀልለዋል። ቆዳ ሴል ውስጥ ቫይረሱ ጥቅሉን ያላላዋል፣ ነርቭ ሴል ውስጥ ግን አብዛኛው እንደተቋጠረ ይቀራል።

«ሜቲሌሽን ካለ ጂኑ ጠፍቷል» የሚለውንም ይጠንቀቁ። ሜቲሌሽን ማለት ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካል መለጠፉ ነው። ሌላው የሄርፒስ ቤተሰብ አባል ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ቢ ሴል በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ሲኖር ዲኤንኤው ሜቲል ይለብሳል። ሊነቃ ሲል የሚወጣው ዜድታ የተባለው ፕሮቲን ግን ሜቲል የለበሱ ቦታዎችን እየመረጠ ይይዛል፤ ጂኖቹንም ያስነሳል።

በላብራቶሪ በቀላሉ በሚያድግ ፋይብሮብላስት (የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴል) ላይ የታየውን ለሁሉም ሴል መውሰድም የተለመደ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ፋይብሮብላስት ውስጥ ይባዛል፤ ሞኖሳይት በሚባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ዝም ይላል፤ ሞኖሳይቱ ወደ ማክሮፋጅ (ተህዋስያንን የሚውጥ ሴል) ሲለወጥ ሊነሳ ይችላል።

አሲክሎቪር ዓይነት 1ን ከሥሩ ይነቅላል ማለትም ስህተት ነው። መድኃኒቱ የሚያግደው የዲኤንኤ ማባዛቱን ነው። የተደበቀው ደግሞ እየተባዛ አይደለም።