አንድ ጠመንጃ ለሸክላም ለዳክዬም፦ ገዢ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

እሑድ ደሴ እናቴ ቤት ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለ። «አያ፣ ለሸክላ ተኩሱም ለዳክዬ አደኑም የሚሆን አንድ ሾትጋን ልገዛ ነው፤ ይቺስ?» ብሎ ከመደብሩ አጭር፣ ላባ የመሰለች ጠመንጃ አሳየኝ። ሸክላ ተኩስ ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ሳህን መምታት ነው፤ ሾትጋን ደግሞ በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ እንክብሎችን፣ ማለትም ፍንጥር፣ የሚበትን ጠመንጃ ነው። እኔም እዚያ አገር ስኖር ሦስት ገዝቼ ሁለቱን በኪሳራ የሸጥኩ ነኝ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው አስደግፌ የነገርኩት ይኸው።

ቀላሏን መውደድ። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ለሚዞር 3 ኪሎ የማትሞላው ትመቻለች። ሸክላ ሜዳ ላይ ግን በአንድ ከሰዓት 100 ጥይት ይተኮሳል፤ ቀላል ጠመንጃ ትከሻ ትደበድባለች። 3.4 ኪሎ ገደማ፣ አፈሙዙ 71 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለቱንም ይችላል። ዳክዬ እንደሆነ ተቀምጦ ነው የሚጠበቀው።

ጉንጭን ረስቶ በዋጋ መከራከር። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፣ የእኔም ነበር። ሾትጋን እንደ ክላሽ ተነጣጥሮ አይተኮስም፤ የኋላው ማነጣጠሪያ የራስህ ዓይን ነው። ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ካላረፈ ፍንጥሩ ወዳየህበት አይሄድም። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጥ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ጉንጭህ አምጣና ግለጥ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ፍሬ መሃል ቁጭ ብላ ከታየችህ ልክህ ነው። የአፈሙዙ ጀርባ እንደ መንገድ ተዘርግቶ ከታየህ ሰደፉ ከፍ ብሎብሃል። ደግሞ በሸሚዝ አትሞክር! የመጀመሪያዋ ጠመንጃዬ በበጋቸው ልክ ነበረች፤ በጥቅምት ወፍራሙን ጃኬት ስደርብ ሰደፉ ብብቴ ሥር እየተያዘ፣ እኔ ሳስለቅቅ ዳክዬዎቹ ሄደው ያልቃሉ።

የትራፕ ጠመንጃ መውሰድ። ትራፕ ሸክላው ከተኳሹ እየራቀ የሚወረወርበት የተኩስ ዓይነት ነው፤ ሸክላው ሽቅብ እየወጣ ስለሚሄድ ጠመንጃውም ከፍ አድርጎ እንዲመታ ነው የሚሠራው። ለማረፍ በሚወርድ ዳክዬ አናት ላይ ያልፋል።

ርካሽ አሮጌ መግዛት። ካናዳ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳክዬ በእርሳስ ፍንጥር ማደን ከልክላለች፤ አብዛኛው አዳኝ የሚተኩሰው የብረት ነው። ብረት እንደ እርሳስ አይለዝብም፤ ጫፉ የጠበበ አሮጌ አፈሙዝ ሊያብጥ ይችላል። ቾኩ (የአፈሙዙን ጫፍ የሚያጠብበው ቁራጭ) የሚፈታ፣ ለብረት የተፈቀደ ይግዛ፦ ለቅርብ ሸክላ ሰፊውን፣ ለዳክዬ መካከለኛውን ይቀያይራል።

«ለባለቤቴ ደግሞ ባለ 20» ሲል ቡናዬን አስቀመጥኩ። ቁጥሩ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ባለ 20 ከባለ 12 ይጠባል። ባለ 20 ጥይት ባለ 12 አፈሙዝ ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ ፊት ይወተፋል፤ ባዶ መስሎህ ከኋላው ባለ 12 ከጨመርክ አፈሙዙ ይፈነዳል። የባለ 20 ጥይት ቀፎ ቢጫ የሚደረገው ለዚሁ ነው። አንድ ኪስ ውስጥ አይደባለቁ።

አጎቴ ከጎኔ «ለኛም አንድ ይላክልን እንጂ» አለ። አዋጅ 1177/2012ን ያነሳሁበት ጊዜ ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንኳን ማስገባት መያዝም ያስጠይቃል። ሳቀና ስኒውን ዘረጋ።

ማታ ፎቶ ደረሰኝ፦ ልጁ መደብሩ ውስጥ፣ በሞቃቱ ቀን የክረምት ጃኬት ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ሰደፍ ላይ ለጥፏል።