ልጁን በየቢሮው ላለማንከራተት፦ ባህር ዳር ላይ የጋራ ፓይለት እንዴት ይጀመር?

የጋራ ፓይለት የምለው ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ፖሊሱ የተቸገረን ልጅ ጉዳይ በአንድ ፎርም ይዘው አብረው የሚከታተሉበትን ሙከራ ነው። ከተማውን ሙሉ አንዴ እንያዝ አትበሉ፣ ለሙከራ አንድ ቀበሌ ይበቃል። መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ የሚሰራ ልጅ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም ፖሊስም ጋ ያንኑ "ወላጆችህ የት ናቸው" ሲመልስ ይውልና ቀጣዩ ቢሮ ላይ ወይ ይዋሻል ወይ ይጠፋል፣ አይፈረድበትም እኮ።

ርዕሰ መምህሩን፣ ጤና ኤክስቴንሽኗን፣ የሴቶችና ህፃናት ቢሮ ባለሙያውን፣ ፖሊስን ሰብስቡ፣ የእድር ዳኛውንም ጥሩ፣ ማን ቤት ምን እንደጎደለ ከቢሮ ሰው ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው (ግን የልጁን ፋይል አታሳዩት)።

ፎርሙ አንድ ይሁን፣ ቢበዛ 2 ገፅ። ችግር ብቻ አትሙሉበት፣ ሰፈር ያለች አክስትም ትፃፍ። እንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጅ በ2005 እንዲህ አይነት የጋራ ፎርም ሲሞከር ለቤተሰቡ ተጠሪ የሚሆን አንድ ባለሙያ ይመደብ ነበር፣ እሷን ነገር ውሰዷት።

ፎርሙ ተሞልቶ ለልጁ በሚወጣው እቅድ ላይ "ድጋፍ ይደረግለታል" ብሎ መፃፍ ዋጋ የለውም፣ ማን ያደርጋል? "ጤና ኤክስቴንሽኗ እስከ ሐሙስ የጤና መድን መታወቂያውን ታጣራለች" ተብሎ ይፃፍ፣ ልጁና አሳዳጊው ባሉበት።

የቆሎ ተማሪዎች ቀበሌ መዝገብ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ፣ ቤተሰባቸውም ሩቅ ነው፣ ስለዚህ የኔታን አናግሩ።

የልጅ ስምና ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በፍፁም! ጥቃት ከተጠረጠረ ደግሞ ስብሰባ ምናምን ሳትሉ በቀጥታ ፖሊስ ጋ።

ከ3 ወር በኋላ ስንት ፎርም ተሞላ ሳይሆን ከተፃፈው ስንቱ ተሰራ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ግማሹ እንኳን ካልተሰራ ሁለተኛ ቀበሌ አትክፈቱ።