የእስያ ጥናት ማይነር ስታቅዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ዱከም የሚሄዱ የፋብሪካ ሰርቪሶች አስፋልቱ ዳር ቆመው ሠራተኛ ይጭናሉ፤ በአንዱ እኔም እሳፈራለሁ። ውጭ አገር ማኔጅመንትን በሜጀር (በዋና መስክነት) ስማር የእስያ ጥናትን በማይነር፣ ማለትም ከዋናው ጎን በጥቂት ኮርስ በሚያዝ ሁለተኛ መስክነት ይዤ ስለነበር፣ ይህን የሰማ የሰፈር ወላጅ ልጁን እኔ ጋ ይልካል። ባለፈው ክረምት አሜሪካ የመማር ዕድል ያገኘች የጎረቤቴ ልጅ የኮርስ ዝርዝር አሳትማ መጣች። «ጋሼ፣ ስድስቱን መርጫለሁ፤ ይዩልኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን አየነው፦ የጥንት ቻይና ታሪክ፣ የጃፓን ሲኒማ፣ የህንድ ሃይማኖቶች፣ የኮሪያ ሙዚቃ፣ የታይላንድ ኪነ ሕንፃ፣ የሐር መንገድ።

ከየአገሩ አንድ አንድ መልቀም

ስድስቱም ለየብቻቸው ጥሩ ኮርሶች ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከየቤቱ እንደተለመነ እህል ናቸው፤ ለቆሎም ለእንጀራም አይሆኑም። እስያ ከ4.5 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት አህጉር ነው። በስድስት ኮርስ «እስያን አውቃለሁ» ማለት አይቻልም። የሚቻለው አንድ ጥያቄ ይዞ መግባት ነው።

ልጅቷን ሜጀርሽ ምንድን ነው አልኳት። የኅብረተሰብ ጤና። ለምን መረጥሽው? ትንሽ ዝም አለችና እናቷ ጫማ ፋብሪካ እንደምትሰፋ፣ ማታ ማታ ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሏት ሊጥ የምታቦካው እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ጥያቄው እኮ እዚያው ቤቷ ነበር! ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ፋብሪካ በፋብሪካ ሲሆኑ የሠራተኛውና የአካባቢው ጤና ምን ደረሰበት? ጃፓን ውስጥ በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ የታወቀው የሚናማታ በሽታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተለቀቀ ሜርኩሪ የመጣ ነው፤ ሜርኩሪው ዓሣ ውስጥ ገብቶ፣ ዓሣውን የበላው ሰው ነርቩ ተመታ። ሶል ውስጥ ቾን ቴኢል የተባለ የ22 ዓመት ልብስ ሰፊ የሠራተኛ ሕግ ይከበር ብሎ በኅዳር ወር 1970 እ.ኤ.አ. ራሱን በእሳት አቃጠለ። የቻይናዋ ሸንዠን በ1980 እ.ኤ.አ. ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ከሆነች በኋላ ከገጠር የጎረፉት ወጣት ሴቶች የሚያድሩት ፋብሪካው ግቢ ባለ መኝታ ቤት ነበር። ይህን ሁሉ እዚያው ካታሎጉ (የዩኒቨርሲቲው የኮርስና የደንብ ዝርዝር) ላይ ከነበሩ የዘመናዊ ጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ታሪክ ኮርሶች ጋር አያያዝነው። ከስድስቱ አራቱን ሰረዘች።

በር ላይ ያለውን ብቻ ማየት

የእኛ ሰፈር ልጆች ሌላም ስህተት አለባቸው። ባቡሩን ቻይና ሠራው፣ የዱከም ኢንዱስትሪ ዞንም የቻይና ነው፤ ስለዚህ እስያ ማለት ቻይና፣ ቻይንኛ ማለት ሥራ ይላሉ። ቻይናን አስቦበት የመረጠ በጣም ጥሩ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ቻይንኛ የሚያስተምረው የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩትም ከመሄዱ በፊት ይጠቅመዋል። ግን ማይነር የሚያሠራው ከሜጀር ጋር ተጣምሮ ነው። እኔን የቀጠሩኝ በማኔጅመንቱ ነው፤ የእስያ ጥናቱ የጠቀመኝ አንድ የቻይና ሱፐርቫይዘር ሠራተኛ ፊት ላለመዋረድ ብሎ ዝም ሲል ዝምታው እሺታ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው።

ቋንቋውን ለሦስተኛ ዓመት ማቆየት

በጣም የሚቆጨኝ ስህተት ይህ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «መጀመሪያ የሜጀሬን ከባድ ኮርሶች ልጨርስ» ይላሉ። ቋንቋ ግን እንደ እርሾ ነው፣ ጊዜውን ይፈልጋል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቻይንኛን፣ ጃፓንኛንና ኮሪያኛን በደንብ ለመያዝ 2200 ያህል የክፍል ሰዓት ይገምታል። በሳምንት 5 ሰዓት ብትማሩ በ15 ሳምንት ሴሚስተር የምታገኙት 75 ሰዓት ነው። ስምንቱንም ሴሚስተር ሳታቋርጡ ብትማሩ 600። ሦስተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ሰው ደግሞ 300 ይዞ ይመረቃል፤ ሜኑ ከማንበብ ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ደረጃ የሚከፈተው በመጸው ሴሚስተር ብቻ ነው። ያ ካመለጠ ዓመቱ ሄደ።

የትኛውን ቋንቋ ለሚለው፣ አማርኛ ምን እንደሚሰጣችሁ የሚነግራችሁ አማካሪ እዚያ አታገኙም። ጃፓኖች «ዋታሺ ዋ ፓን ኦ ታቤማስ» ይላሉ። ዋታሺ እኔ፣ ፓን ዳቦ፣ ታቤማስ እበላለሁ። «ኦ» የምትለዋ ቅንጣት «ዳቦውን» ስንል «ን» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው። ኮሪያኛም ሂንዲም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አብሮ ተማሪያችሁ አንጎሉን ገልብጦ ሲቸገር እናንተ በአማርኛ አስባችሁ መድረስ ትችላላችሁ። ቻይንኛ ግን «ዎ ቺ ሚያንባው» ነው፤ ግሡ መሃል ላይ ይገባል፣ ለእሱ እንግሊዝኛችሁ ይሻላል። ሂንዲ የሚጻፍበት ፊደል ደግሞ ልክ እንደ ሀሁ መሠረቱን ይዞ አናባቢውን በቅጥያ ይለዋውጣል። ሀሁ ለቆጠረ ልጅ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ለስኮላርሺፕ የሚሆን የቋንቋ ፈተናም በጣም ቀድሞ መውሰድ አያስፈልግም፦ የኮሪያኛው ቶፒክ ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው።

ደንቡን ከጓደኛ መስማት

አጭሩ ምክር ካታሎጉን ራሳችሁ አንብቡ ነው። በአሜሪካ ማይነር ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ኮርስ፣ ከ15 እስከ 20 ክሬዲት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አራት ነገር ፈልጉ፦ የመጀመሪያ ዓመት ቋንቋ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ አንድ ኮርስ ለሜጀርም ለማይነርም ስንት ጊዜ ይቆጠራል፣ ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ኮርሶች ስንት ይሁኑ ይላል፣ ዝቅተኛው ግሬድ ስንት ነው። ኮርሱን ስለወሰዳችሁ ብቻ ማይነሩ በራሱ ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም፤ ፎርም ሞልታችሁ ማሳወቅ አለባችሁ።

ሌላ አገር ሄዳችሁ የምትወስዱት ኮርስ ካለ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲቱ እንደሚያዝ በጽሑፍ አስፈርሙ፤ ሲለበሱንም (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) አስቀምጡ። እኔ በአንድ ክረምት ሁለት ኮርስ ተምሬ አንዱ ብቻ ተያዘልኝ። «ችግር የለም» ያለኝ ሰው በቃል ነበር ያለኝ፤ ስመለስ ቢሮውን ለቋል። የዚያ ኮርስ ክፍያ የታላቅ እህቴ የስድስት ወር ቁጠባ ነበር።

የራሳችንን መንገድ ረስቶ መሄድ

የእኛ ልጆች እስያን ሲማሩ ከዜሮ የጀመሩ ይመስላቸዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፈልጉ ሲባሉም አውሮፓ ስለ እስያ የጻፈውን ይዘው ይመጣሉ። እኛም እኮ ከእስያ ጋር ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ጉዳይ አለን። ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል፤ ኩሻን የዛሬውን አፍጋኒስታንና ሰሜን ህንድ ይገዛ የነበረ መንግሥት ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በ16ኛው መቶ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሰፍ ታሪክ ምንጩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። መነኮሳቱ ሲያነቡት የኖሩት የአንድ ህንዳዊ ልዑልን ምናኔ ነበር!

በባርነት ከኢትዮጵያ ተወስዶ ህንድ የደረሰው ማሊክ አምባር የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረውን የሙጋልን መንግሥት ጦር ለዓመታት አላስጠጋም ብሏል፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውንም ከተማ በ1610 እ.ኤ.አ. ቆርቁሯል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አይተዋል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ደግሞ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ አባላት ልጆችና የልጅ ልጆች እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ። ግዕዝና አማርኛ የሚያነብ ተማሪ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእናንተ በቀር ላይኖር ይችላል። መምህራችሁ ቢሮ በሳምንት አንዴ ለተማሪ ክፍት ሲሆን ከእነዚህ አንዱን ይዛችሁ ግቡ፤ ብዙ መምህር የሚፈልገው እንዲህ ያለ ተማሪ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የሄደችው ነሐሴ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደወለች፦ «ጋሼ፣ ጃፓንኛ አንድ ሞልቷል፤ ተጠባባቂ ላይ ዘጠነኛ ነኝ፤ በቃ ለሚቀጥለው ዓመት ልተወው?» አልኩኝ፣ በፍጹም፤ ስምሽ ባይኖርም ነገ ጠዋት ክፍል ገብተሽ ተቀመጪ፣ የቤት ሥራውንም ሥሪ፣ መምህሯንም ስምሽን ንገሪያት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያቋርጥ አይጠፋም። አሥር ቀን ቆይታ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ የጻፈችበትን ደብተር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሥሩ በትንሹ ከ፣ ኩ፣ ኪ ጽፋበታለች።